ለጨለማው ክፍል ሌንስ ስንገዛ

ጎረቤቴ ፎቶ አንሺ ነው። የሰፈሩ ሰው ስሙን ትቶ «ብልጭታ» ነው የሚለው፤ ሠርግ ላይ ያንን ፍላሹን ሲያበራው ሙሽራው ሳይቀር ድንግጥ ስለሚል። እኔ ታላቄ ስለሆነ ከፊቱ «ጋሼ» እጨምርበታለሁ። በራችን ፊት ለፊት ነው፤ እሱ ሲያስነጥስ ከዚህ ማዶ «ይማርህ» የምለው እኔ ነኝ። ከሕንፃው ሥር ያለችው ፀጉር ቤት የእኔ ናት፤ ሚስቱ ደግሞ ቤቷን ከከፈትኩ ጀምሮ ደንበኛዬ። «መቀሴ» ብላ ስም ያወጣችልኝም እሷ ናት። እኔ «እትዬ» እላታለሁ።

ልጅ የላቸውም። ሥራቸውም ኑሯቸውም አንድ ላይ ነበር። እሱ ያነሳል፤ እሷ የፍላሹን ጃንጥላ ትይዛለች፣ የሙሽራዋን ቀሚስ ትዘረጋለች፣ «አገጭሽን ዝቅ፣ ትከሻሽን ላላ» እያለች ታስተካክላለች። የስንቱ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፈገግታ የእሷ ቀልድ ያመጣው ነው። የራሷ ፎቶ ግን አልነበራትም። ካሜራውን ወደ እሷ ሲያዞር ፊቷን በመዳፏ ትሸፍንና «እኔን ምን ታደርገኛለህ፣ ማታ ቤት ታየኝ የለም እንዴ?» ትለዋለች። እሱም ይስቃል፣ ይተዋል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባል የለ።

በሽታው ከጭንቅላቷ ውስጥ መጣ። መጀመሪያ ራስ ምታት አለችው፤ በኋላ ብርሃን ጠላት ሆነባት። የመኝታ ቤቱ መጋረጃ ላይ ጥቁር ጨርቅ ደረበችበት። እኔ በር ስከፍት እንኳ የኮሪደሩ አምፖል ዓይኗ ውስጥ እንደ መርፌ ይገባል። ያ ሁሉ ዘመን ፍላሽ ይዞ የኖረው ሰውዬ እቤቱ በጣቱ ግድግዳ እየዳሰሰ መሄድ ጀመረ። ሐኪሞቹም ቀስ በቀስ ስለ መዳን ማውራት አቁመው ስለ ማስታገሻ ብቻ ማውራት ያዙ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፀጉሯን በእርጥብ ፎጣ እየጠራረግኩላት ሳለ እሱ ሾርባ ይዞ ገባ።

«አንተ ሰውዬ» አለችው።

«አቤት፣ የኔ እመቤት።»

«ፎቶ እንነሳ።»

ሾርባው ትሪው ላይ ፈሰሰ። «አሁን? አሁኑኑ? ተዪ፣ እንዲያውም ፊትሽ ዛሬ ፈካ ብሏል፣ እንዲሁ እንዳለሽ ላንሳሽ…»

«እንነሳ ነው ያልኩት፤ አንሳኝ አላልኩም። ብቻዬን የምነሳው ፎቶ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ሰው ተሰብስቦ ያለቅስበታል። እሱን አልፈልግም። አንተ አጠገቤ ትቀመጣለህ፤ መቀሴ ታነሳናለች።»

«እኔ?» አልኩ።

«እሷ?» አለ እሱም። «እሷማ እንደ ልማዷ ጭንቅላታችንን ነው የምትቆርጠው!»

«ከአንተ ጭንቅላት ላይ ደግሞ ምን የሚቆረጥ ቀርቶ ነው፣ ጋሼ?» አልኩት መላጣውን እያየሁ። እትዬ ሳቀች። ሳቋ አመማትና ግንባሯን ያዘች፤ ግን መሳቋን አልተወችም።

እኔ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። ስልኬን አውጥቼ ሞከርኩ፤ ፊታቸው ጥቀርሻ የተቀባ ድስት መሰለ። እትዬም «በስልክ አይደለም፤ በእሱ ካሜራ» አለች። የእሱን ካሜራ ሠርግ ከሚያነሳበት ሌንስ ጋር አመጣ። ያም ቢሆን እንደ ጭጋግ ያለ ነገር ነው የወጣው። ኮሪደር ላይ ቆመን በሹክሹክታ አስረዳኝ።

«ይሄ ሌንስ ርቀት ያቀራርባል እንጂ ዓይኑ ጠባብ ነው። በፍላሽ ስለምሠራ ጠባብነቱ ገዶኝ አያውቅም። ለእሷ ክፍል ግን ዓይኑ ሰፊ የሆነ፣ ያለችውን ብርሃን ሁሉ ጠጥቶ ቶሎ የሚያነሳ ሌንስ ያስፈልጋል። እንዲያ ያለው ዙም የለውም፤ ባለበት የሚቆም ነው። መቅረብ መራቁ በእግር ነው።»

«እንግዲያው ግዛ።»

«አብረሽኝ ነይ። ቁመትሽም ትከሻሽም የእሷን ያህላል። በእሷ ቦታ ትቆሚልኛለሽ።»

ፀጉር ቤቴን ዘግቼ ሄድኩ። የካሜራ መሸጫው ረጅም፣ እንደ ባቡር ፉርጎ ያለ ነው፤ ግራና ቀኙ የመስተዋት መደርደሪያ፣ መሀሉ መተላለፊያ። ሻጩ ጢሙን አሳምሮ የተስተካከለ ወጣት ነበር። (የማን እጅ እንደሆነ ልጠይቀው ብዬ አፈርኩ።) ጋሼ ነገሩን ሲነግረው ሁለት ሌንስ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አቆመ። ሁለቱም እንደ ትንሽ የሻይ ብርጭቆ ናቸው።

«ይሄ ሃምሳ ሚሊሜትር ነው፤ ያኛው ሰላሳ አምስት» አለ። «የሁለቱም ዓይን አንድ ዓይነት ነው፣ በጨለማ ጥሩ ያያሉ። የእርስዎ ካሜራ ግን ክሮፕ ሴንሰር ስለሆነ…»

«ምንድን ነው እሱ?» አልኩ እኔ።

«ምስሉን የሚቀበለው ሰሌዳ ከድሮው ፊልም ያንሳል ማለት ነው፣ እናቴ። ስለዚህ ሌንሱ ያየውን ዳር ዳሩን ይከረክመዋል።»

«እንደ ጎፈሬ!»

«እንደ ጎፈሬ» ብሎ ሳቀ። «ስለዚህ ሃምሳው የሚያሳየው ቦታ ከስሙ ጠበብ ይላል፣ ያቀርባል። ሰላሳ አምስቱ ነው እዚህ ካሜራ ላይ እንደ ድሮው ሃምሳ የሚያየው።»

ጋሼ ብልጭታ ግን ሃምሳውን አንስቶ መዳፉ ላይ እያገላበጠው ነበር። ዓይኑ የድሮ ወዳጅ ያገኘ ሰው ዓይን ሆነ። «ሥራ ያስተማረኝ ሰውዬ ከዚህ ሌላ ሌንስ አልነበረውም» አለ። «‹ሃምሳ ማለት የሰው ዓይን ነው፣ ሌላው ጌጥ ነው› ይለኝ ነበር። እሷን መጀመሪያ ያየኋትም በሃምሳ ነው። የእህቷ ሠርግ ላይ።»

«አዩዋት እንጂ አላነሷትም?» አለ ሻጩ።

«ፊቷን ሸፈነች።»

 ሻጩን እንደ መራራትም አድርጎት «እርግጥ ለሰው ፊት ሃምሳው ነው የሚያምረው፤ እኔም ለራሴ የያዝኩት እሱን ነው» አለ። «ክፍሉ ምን ያህል ነው? ወደ ኋላ የሚሉበት ቦታ አለ?»

«መኝታ ቤቴ እኮ ነው፤ አላጣውም» አለ ጋሼ። «መብራቱን አጥፋልኝ።»

ሻጩ የሱቁን መብራት አጠፋ። እኔ ግድግዳው ሥር ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ሻጩ የጋሼን ቦታ ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። ጋሼ በሃምሳው አየን። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ አሁንም ወደ ኋላ አለ። ዓይኑ ካሜራው ላይ ተጣብቋል፤ እግሩ ብቻውን ይሄዳል። ፎቶ አንሺ እንዲህ ነው፣ ስንት ሠርግ ላይ አይቼዋለሁ፤ እግሩ ከእሱ ሳይማከር ቦታ ይፈልጋል። እንዲህ እያለ በሩ ድረስ ደርሶ በመቀመጫው አንዲት የምትገባ ሴትዮ ገፈተረ።

«ኧረ ሰውዬ! ከኋላህም ዓይን ግዛ!» አለችው።

ሁላችንም ሳቅን። እሱም እየሳቀ ይቅርታ ጠየቃት፤ ያነሳውን አሳየን። ኧረ እንዴት ያምራል! በዚያ ጨለማ የእኔ ጉንጭ እንደ ልጃገረድ ጉንጭ ለስልሶ፣ ከኋላችን ያለው ዕቃ ሁሉ እንደ ወተት ተዋህዶ። «እንደዚህ ነው ላነሳት የምፈልገው» አለ። ሃምሳውን ይዘን ወጣን። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

እትዬ እየጠበቀችን ነበር። ፀጉሯን ወደ ጎን አድርጌ አበጠርኩላት፤ ከበሽታው በፊት የምትወደውን አረንጓዴ ሻሽ አሰርኩላት። ከኋላዋ ትራስ ደረደርን። መጋረጃውን እሷ የምትችለውን ያህል ገለጥ አደረግን፤ ጠባብ ክር የምታክል ብርሃን ገባች። ጋሼ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ከአልጋው ራስጌ በኩል አጠገቧ ተቀመጠ። ካሜራውን ሰጠኝ። «በእሷ ዓይን ላይ አነጣጥሪ» አለኝ።

አየሁ። እትዬ አለች፤ ከእሱ ግን ያለው አንድ ጆሮ ነው።

ወደ ግራ ዞር አልኩ። እሱ መጣ፣ ግማሽ እሷ ሄደች። ወደ ኋላ ልል ስል የቁም ሳጥኑ እጀታ ወገቤን ወጋኝ። ቁም ሳጥኑ ከግድግዳው ጋር የተሠራ ነው፣ አይነቃነቅም። አልጋው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ነው፤ በግርጌ በኩል መቆሚያ የለም። በአልጋውና በቁም ሳጥኑ መሀል እኔ በቁሜ፣ ያውም ሆዴን ሰብስቤ።

«ጋሼ፣ ጠጋ በልላት።»

ጠጋ አለ። ፍራሹ ወደ እሱ ሲሰምጥ የእትዬ አንገት ተንቀሳቀሰና አቃሰተች። ራሷ የሌላ ሰው ራስ ንክኪ አይችልም ነበር። ደንግጦ ተነሳ።

«አምጪው እስቲ፤ አያያዝሽ ነው» ብሎ ተቀበለኝና እኔን በእሱ ቦታ አስቀመጠኝ። ካሜራውን ዓይኑ ላይ አደረገ። ያች እግሩ እንደ ልማዷ ወደ ኋላ ሄደች፤ ተረከዙ ቁም ሳጥኑን ገጨ። እንደገና ሄደች፤ እንደገና ገጨ። ያኔ ካሜራውን ከፊቱ አወረደ። በዚያ ድንግዝግዝ ብርሃን ፊቱን አየሁት፤ እንዲህ ያለ ፊት ያየሁት የሞት መርዶ የሰማ ሰው ላይ ነው። ሲተኛና ሲነሳበት የኖረውን ክፍል፣ ስፋቱን ልቡ አላየውም ነበር። ልብ ካላየ ዓይን አያይም።

«ምነው?» አለች እትዬ ዓይኗን እንደጨፈነች።

«ሌንሱ… ጠቧል። ሁለታችንን አይዝም።»

«ሠርግ አዳራሽ ያስተኛኸኝ መሰለህ እንዴ?» አለችው። ሊስቅላት ሞከረ፤ አልቻለም።

«በዚህ ግን ብቻሽን ብትሆኚ በጣም ታምሪ ነበር። አንዴ ብቻ…»

«አይሆንም፣ አንተ ሰውዬ። ብለን ጨርሰናል። ለውጠህ ና። የትም አልሄድም።»

በነጋታው ሱቁ ሲከፈት በሩ ላይ ነበር። ሻጩ ክፉ አልሆነበትም፤ ሃምሳውን መልሶ ተቀበለው። ሰላሳ አምስቱ ግን የለም። እኛ እንደወጣን ወዲያው ተሸጧል፤ ያች ጋሼ የገፈተራት ሴትዮ ነች የገዛችው። «አዲስ ዕቃ በመንገድ ላይ ነው፤ እንደገባ እደውልልዎታለሁ» አለው። ጋሼ የሥራ ጓደኞቹን ሁሉ ጠየቀ። ሁሉም እንደ እሱ ናቸው፤ ፍላሽና ዙም። ያለው አንዱ ሌንሱን ይዞ ለሥራ ሩቅ አገር ሄዷል።

ዕቃው ሳይመጣ ሰነበተ። ጋሼ ስልኩን በእጁ ይዞ ነው የሚውለው። ስልክ ሲጮህ አፌ ላይ ያለውን ትቼ እኔም ጆሮዬን አቆማለሁ። እትዬ በበኩሏ ትንሽ በትንሽ ከእጃችን ትንሸራተት ጀመር። በመጀመሪያ የዕቃ ስም ጠፋባት፤ ማንኪያውን «ያ የሚያበላው» ትላለች። ከዚያ እኔን በእህቷ ስም ጠራችኝ። ሳቅኩና «እህትሽማ በእኔ ዕድሜ ቆንጆ ነበረች» አልኳት፤ ወጥቼ ኮሪደር ላይ አለቀስኩ። እሱን ግን ታውቀዋለች፤ ድምፁን ስትሰማ እጇን ትዘረጋለች። «እሷ እኔን እስካወቀች ድረስ ጊዜ አለን» ይለኝ ነበር። ክፍሉንም ገብቶ በስንዝሩ ሲለካው አገኘሁት።

ሻጩ ሲደውል ጋሼ ባንድ እግሩ ጫማ በሌላው ነጠላ ጫማ አድርጎ ነው የወጣው። ከሰዓት በኋላ ሌንሱን ይዞ መጣ። ፀጉሯን አበጠርኩ፤ ያንኑ ሻሽ አሰርኩ። እትዬ ዓይኗን ጨፍና ተበጠረችልኝ። ጋሼ አጠገቧ ተቀመጠ፤ እጇን ያዘ። እኔ ጀርባዬን ቁም ሳጥኑ ላይ አስደግፌ አየሁ።

ገብተዋል። ሁለቱም! ከትከሻ እስከ ትከሻ፣ ከዚያም አልፎ ትራሱ፣ የአልጋው ጠርዝ። ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ ሁሉ አለ።

«ገባችሁ!» አልኩ፤ ጮክ ብዬ ይሆናል። «ጋሼ፣ ሁለታችሁም ገባችሁ!»

እትዬ ዓይኗን ገለጠች። ወደ እኔ ተመለከተች፤ ወደ ሌንሱ፣ ከሌንሱ በላይ ወዳለው ፊቴ። ቅር አላት። ከዚያ በእጇ ያለውን እጅ አየች፤ ቀና ብላም የእጁን ባለቤት አየችው። በጣም በትሕትና፣ ለማታውቀው ሰው እንደምትናገር ሴት ሆና፣ እጇን ቀስ ብላ አወጣች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጌታዬ» አለችው። «ባለቤቴ ፎቶ ሊያነሳኝ ነው። እርስዎ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ።»

«እኔ ነኝ፣ የኔ እመቤት።»

«አዎ፣ ይገባኛል። ግን እሱ አሁን ይመጣል። እዚያ ነው የሚቆመው» ብላ ወደ ካሜራው አመለከተች።  «የት ሄደ? ሙሽሮቹን ትቶ የት ሄደ?»

ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበረ። ሁለቱም እዚያው ውስጥ ናቸው። ልጫን ወይ ብዬ በዓይኔ ጠየቅኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ አይሆንም። ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ፍራሹ እንዳይናወጥ በእጁ ደግፎ ተነሳ። መጥቶ ካሜራውን ከእጄ ወሰደ። ፊቱ ላይ አደረገው።

እትዬ ያን ጊዜ ያሳየችው ፊት! ከታመመች ወዲህ አይቼባት አላውቅም። ግንባሯ ተፈታ፣ ጉንጯ ሞላ።

«የት ጠፍተህ ነው አንተ ሰውዬ?»

«ሌንስ ልለውጥ ሄጄ።»

«ይሄን ያህል?»

«ይሄን ያህል። አጥፍቻለሁ።»

«ብቻዬን እንዳታነሳኝ ብቻ።»

ካሜራውን ሳያወርድ «ተቀመጪ» አለኝ።

«ጋሼ፣ እኔ እንዴት…»

«መቀስ፣ ተቀመጪ አልኩሽ።»

ሄጄ በእሱ ቦታ ተቀመጥኩ። ፍራሹ ገና ሙቀቱን አልጨረሰም። እጄን ትከሻዋ ላይ አደረግኩ። አጥንቷ ከሻሹ ጨርቅ ይቀላል። እሷ ወደ እኔ ሳትዞር፣ በዚያ በሠርግ ቤት ድምፏ፣ «አገጭሽን ዝቅ አድርጊ፤ አታልቅሺ፣ ያበላሽበታል» አለችኝ። እሱ ወደ ኋላ አላለም። በቆመበት ሆኖ አንዴ አነሳ። ካሜራው ጠቅ ሲል «ፍላሹ አልበራም እኮ» አለች። «ዛሬ አያስፈልገንም» አላት። ከዚያም እዚያው እንደቆመ ቀረ፤ ካሜራውን ከፊቱ አላወረደውም። ትከሻው ይርገፈገፍ ነበር። እሷ እሱን እያየች ፈገግ ብላ እንቅልፍ ወሰዳት።

ብዙ አልቆየችም። ወንድሟ መጣ፣ ዘመድ መጣ፣ ቤቱ ሞላ። «ፎቶ የለም እንዴ? የፎቶ አንሺ ሚስት ሆና!» ተባለ። ያለው ያ ብቻ ነው። ወንድሟ ደህና ሰው ነው፣ ክፋት የለውም፤ «ጎረቤቲቱን አውጡልኝና እሷን ብቻ አሳድጉልኝ» ብሎ ለማተሚያ ቤት ሰጠው። እነሱም እኔን ቆርጠው አወጡኝ። እጄን ግን ማውጣት አልቻሉም፤ ትከሻዋ ላይ ነው፣ ቢያወጡት የእሷን ትከሻ ይነካል። እንዲሁ እጅ ብቻ ቀረ። ጠረጴዛው ላይ በፍሬም አቆሙት። ያው ያልፈለገችው ሆነ።

ጋሼ ወንበሩን ከፎቶው ፊት ለፊት አድርጎ ነው የሚቀመጠው። እኔ ከጎኑ ነበርኩ። አንድ ሽማግሌ፣ የድሮ ደንበኛው፣ ሊያስተዛዝን መጥቶ መነጽሩን አስተካክሎ ፎቶውን ቀርቦ አየ።

«እንዴት ያለ ደስታ ነው ፊቷ ላይ ያለው» አለ። «ይሄ እጅስ የማን ነው?»

ዘመዱ ሁሉ ዞር አለ። ጋሼ ብልጭታ ቀና አላለም።

«የእኔ ነው» አለ።

ሽማግሌው ፎቶውን እንደገና አየ። እኔ ጥፍሬን ቀይ የምቀባ ሴት ነኝ፤ በዚያ ሌንስ ደግሞ ቀለሙ የተፋቀበት ቦታ ሳይቀር ይታያል። ሽማግሌው ጋሼ ጉልበቱ ላይ ያሳረፈውን ትልቅ፣ ጠጉራም እጅ አየ። መነጽሩን አወለቀ።

«አዎ» አለ በመጨረሻ። «ያስታውቃል፣ ልጄ።»

እኔ ሁለት እጆቼን ሹራቤ ውስጥ ከተትኩ፤ ሰው ወጥቶ እስኪያልቅ ድረስም አላወጣኋቸውም።